ያላገባው የእህል ነጋዴ

መጥሪያውን ያመጣው ፖሊስ ሲደርስ ያይኔአበባ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየገጠመች ነበር። ፍኖተ ሰላም ከጋሪ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቋ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ለወሬ የሚሆን ጊዜ የላትም። «የአቶ ክንዱ ፈንቴ ቤት ይሄ ነው?» አላት። የስፌት መኪናዋን መርገጧን ሳታቆም፣ ቤቱ ከሱቁ ጀርባ እንደሆነ፣ ሰውየው ግን ቀን ቀን መሥሪያ ቤት እንደሚውል ነገረችው።

ፖሊሱ ወረቀቱን ደግሞ አየው። «መሥሪያ ቤት? እዚህ ላይ የእህል ነጋዴ ነው የሚለው።»

ያኔ መኪናዋ ቆመች።

ወረቀቱን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ክንዱ ፈንቴ፤ ሥራ፣ የእህል ንግድ፤ የጋብቻ ሁኔታ፣ ያላገባ። ቡሬ ከተማ ለሚገኝ ቤት መግዣ ተብሎ በሐሰተኛ ማስረጃ ከባንክ በተወሰደ ብድር ስለሚጠረጠሩ ረቡዕ ጠዋት ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይቅረቡ፤ ባይቀርቡ ተይዘው ይመጣሉ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ያነበበችው «ያላገባ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው።

የእህል ነጋዴ ነው አሉ። ባለፈው ኅዳር ጤፍ ግዛ ብላ ብትልከው ግማሹ ጠጠር፣ ግማሹ ገለባ የሆነ ነገር ተሸክሞ መጥቶ «ሻጩ ወዶኝ መረቀልኝ» እያለ ሲኮራ የሰነበተ ሰው፣ ማኛውን ከሠርገኛ የማይለይ ሰው፣ እሱ ነው እንግዲህ የእህል ነጋዴው። ያላገባውስ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ካልሲውን ያጠበችው፣ ሁለት ልጅ የወለደችለት፣ ወሩ ሳያልቅ ደመወዙ ሲያልቅ የባጃጅ ሳንቲም የምትቆርጥለት ሴት ማን ልትባል ነው? የቤት ኪራይ የምትሰበስብ ጎረቤት?

ፖሊሱ አስፈርሟት ሄደ። እሷም ኮሌታውን አገላብጣ ገጥማው ስለነበር ፈታችና እንደገና ሰፋችው።

ክንዱ ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው። በልጅነቱ ቋሪት ውስጥ፣ ገበዝ ማርያም አጠገብ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ አራት ዓመት ተምሯል። ዲያቆንም ሆኗል። ጉባኤ ቃናውን ቆጥሮ መወድስ ላይ ሳይደርስ ጥሎ ወጣና ከተማ ገባ፤ እስከ ዛሬም ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ፋይል ያመላልሳል። ከዚያ ቅኔ ቤት የቀረው ነገር ቢኖር ቀጥ አድርጎ አለመናገር ነው። ምሳ በልተሃል ወይ ሲሉት «ምሳውስ እኔን በላኝ» ይላል፤ ብሎም የሚሳቅለት ካልመሰለው ራሱ ይስቃል። ባልደረቦቹ «መሪጌታ» ይሉታል። እያላገጡበት መሆኑን የማያውቅ እሱ ብቻ ነው። በእሱ ቤት ሰው ሁሉ ሰም ነው፤ ወርቁን የሚያውቅ ክንዱ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲገባ መጥሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ቆሞ አነበበው። ከዚያ ኮቱን አውልቆ፣ ትከሻውን በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። ባለፈው ዓመት «መሥሪያ ቤት ማበረታቻ ሰጠኝ» ብሎ ያመጣው ኮት ነው። እጅጌው ረዝሞበት ስለነበር ያሳጠረችለት እሷ ናት። ማን እንደገዛለት አሁን ገና ገባት።

«ተቀመጥና ንገረኝ» አለችው። «በሰም አይደለም። እንደ ሰው።»

ነገራት። ወንዳወቅ የሚባል የቡሬ ቤት ደላላ አለ። አንድ ቀን ፋይል ሊያስወጣ መጥቶ «መሪጌታ» ብሎ ሲጠራው ክንዱ ልቡ አበጠ። ደላላው ጥብስ ጋበዘው፣ ደገመው። በሦስተኛው ጥብስ ላይ ነገሩን አመጣው። ቡሬ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ጀርባ አንድ ቤት አለ። ባለቤቱ ሀብታም ነው፤ ግን ባንክ ያለበትን ዕዳ ስላልከፈለ በስሙ ሌላ አያበድረውም። ስለዚህ በወረቀት ቤቱን የሚገዛ፣ በወረቀት የሚበደር ሰው ያስፈልጋል። ባንኩ ለገዢው ያበድራል፣ ገንዘቡ ለሻጩ ይገባል፣ ክፍያውንም ሻጩ ራሱ በየወሩ ይከፍላል። ገዢው ስሙን ከመስጠት በቀር ምንም አይነካውም። ንግድ ፈቃዱን እነሱ ያመጣሉ፣ የገቢ ማስረጃውን እነሱ ያመጣሉ። ክንዱ ከአንድ ቀበሌ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ ብቻ ያምጣ፤ ሚስት ካለች ሚስትም መፈረም አለባትና።

«እኔ እንዳልፈርም» አለች ያይኔአበባ።

«አንቺን ከጣጣው ላወጣሽ ብዬ ነው።»

«ከጣጣው ብቻ ነው ያወጣኸኝ? ከቤቴም አውጥተኸኛል።»

ሰማንያ ሺህ ብር ሰጡት። አንድ ሚሊዮን የማያወጣውን ቤት ገማቹ አራት ሚሊዮን ብሎ ጻፈው። ባንኩ አበደረ። አራት ወር ተከፈለ፣ በአምስተኛው ቆመ። የወንዳወቅ ስልክ ጥሪ አይቀበልም። ሰማንያውም ቢሆን አርባው ኮትና ጫማና ስልክ ሆኗል፤ አርባውን መልሶ ለራሱ ለወንዳወቅ «አክሲዮን ግዛልኝ» ብሎ ሰጥቶታል። ይሄኛው ላይ ሲደርስ ያይኔአበባ ሳቀች። መሳቅ አልፈለገችም፤ አመለጣት። ስሙን የሸጠበትን ገንዘብ ለገዛው ሰው መልሶ የሚሰጥ ነጋዴ አይታ አታውቅም።

«ምን ያስቅሻል?» አላት ክንዱ። ፊቱ ላይ ያ የምታውቀው ነገር መጣ፤ ከንፈሩን ሾል አድርጎ፣ ዓይኑን ከደን አድርጎ፣ ሊቅ ሲሆን የሚያደርጋት። «እኔን ሞኝ አደረግሽኝ? ስሜን አዋስኩ እንጂ ዋስ አልሆንኩም። ደግሞስ የፈረመው ማነው? ክንዱ አልፈረመም።»

«ማን ፈረመ ታዲያ?»

ከኪሱ ብዕር አወጣና በመጥሪያው ጀርባ ላይ በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈቱ፣ ፊደሉን አንዱን ባንዱ ላይ አነባብሮ፣ ጻፈ። ገብረሰንበት።

የክርስትና ስሙ ነው። መተት የሚሠራበት ሰው እንዳያገኘው እያለ ዕድሜ ልኩን የሸሸገው፣ ከነፍስ አባቱና ከእሷ በቀር ማንም የማያውቀው ስም። «ስሜ ነው፣ በእግዚአብሔር ፊት አልዋሸሁም» አለ ክንዱ። «በሰው ፊት ደግሞ ስሜ አይደለም። ደመወዝ የምፈርመው ክንዱ ብዬ ነው። ነገሩ ቢበላሽ 'ይሄ ፊርማ የኔ አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው በስሜ የነገደው' እላለሁ። አየሽ፣ ቅኔ ማለት ይሄ ነው።»

ያይኔአበባ ያየችው ሌላ ነገር ነው። የተታለለ ሰው ሲፈርም መሸሸጊያ አያዘጋጅም። ይሄ ሰው ሌብነት መሆኑን ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ያውቅ ነበር። ይህንን ልትለው ፈለገችና ተወችው። የሚገባው ቢሆን ኖሮ ድሮ በገባው ነበር።

ረቡዕ አብራው ሄደች። እሱ ገባ፣ እሷ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠች። አጠገቧ አንዲት ባልቴት ምሳ የቋጠሩበትን ጨርቅ ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ፖሊሶች ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ይዘው በፊታቸው አለፉ። ሽማግሌው ሴትዮዋን አይተው በአገውኛ አንድ ሁለት ቃል አሉ። ሴትዮዋም በዚያው መለሱ፤ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ባለቤትዎ ናቸው?» አለች ያይኔአበባ።

«አዎ ልጄ። ከታሰረ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ንግሥቴ እባላለሁ፤ ከቡሬ ነኝ፣ እዚህ የእህቴ ልጅ ቤት እያደርኩ ምሳ አቀብለዋለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ የሀብታም ቤት ይጠብቅ ነበር። ያ ቤት በባንክ ተጭበርብሯል አሉ። ከወረቀቱ ላይ የፈረምከው አንተ ነህ፣ ስምህ ሰፍሯል አሉት። እሱ እኮ ስሙን የተማረው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ደመወዙን ሲቀበል ከመፈረም በቀር ብዕር ይዞ አያውቅም።»

ያይኔአበባ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «ስማቸው ማን ነው?»

«ገብረሰንበት።»

ያይኔአበባ ዓይኗን ክንዱ ወደገባበት በር አዞረች። ሴትዮዋ ግን ጎናቸው ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ያወሩ ነበር። ስም አንድ ስለሆነ ሰው ይታሰራል ወይ ብለው ጠየቋት።

ክንዱ ሲወጣ እርምጃው ቀለል ብሎ ነበር። ክንዷን ይዞ ወደ መንገዱ እየወሰዳት፣ ዐቃቤ ሕጓ ምሕረት የምትባል ልጅ እግር ሴት መሆኗን፣ እንዴት እንዳሳመናት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት። እንደ እሱ የተጠሩ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ። ዐቃቤ ሕጓ፣ «ስሜን ብቻ ነው የሰጠሁት ማለት አያድንም፤ ባንኩ ገንዘቡን ያወጣው ያንን ስም አምኖ ነው» ብላለች። ሳያውቁ የተታለሉትን ምስክር ታደርጋቸዋለች፤ አውቀው የገቡት ይከሰሳሉ፣ እስር አለው። የክንዱ ጉዳይ ግን ከሁሉም የተለየ ነው። የደመወዝ ፊርማውን አስተያይታ የእሱ እንዳልሆነ ራሷ አይታለች።

«አንድ ነገር ብቻ ቀረ» አለ። «'ያላገባ የሚለውን ማስረጃ እርስዎ አላወጡም?' አለችኝ። 'እኔ ባለትዳር ነኝ፣ ምን ብዬ አወጣለሁ፣ ያንንም በስሜ ያወጣው ያው የፈረመው ሰው ነው' አልኳት። 'እንግዲያው የጋብቻ ማስረጃ አርብ ያምጡ፣ ከዚያ ምስክር ነዎት' አለች። ያ የተክሊል ወረቀታችን ሳጥን ውስጥ አለ አይደል?»

«አለ። ክንዱ፣ ሽማግሌው ሰውዬ…»

«የትኛው ሽማግሌ?»

«ገብረሰንበት። የታሰሩት።»

ዞር ብሎም አላየም። «ምንም ከሌለበት ይፈታል። እኔ እሱን መቼ ጠቆምኩ? በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ሞልቷል።»

«ግባና እውነቱን ንገራት። ራስህ ከተናገርክ ይቀልልሃል። ልጆቹም ቢሰሙ ከአፍህ ይስሙት።»

«አንቺ ስፌትሽን ስፊ። ይሄ የሕግ ነገር ነው፣ አይገባሽም። ወረቀቱን ብቻ አዘጋጂ።»

ሃያ ሁለት ዓመት «አይገባሽም» ስትባል ኖራለች። ሱቁን የከፈተችው እሷ፣ ቤቱን በቆርቆሮ ያለበሰችው እሷ፣ ልጆቹን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የላከችው የእሷ መርፌ፤ የማይገባት ግን እሷ ናት። ድሮ ድሮ እውነት ይመስላት ነበር። እንደ ተማረ ሰው ታየው ነበር፣ ግዕዝ ሲያነበንብ ከበር ቆማ ታዳምጠው ነበር። ያቺን ቆማ የምታዳምጥ ሴት አሁን ብታገኛት በጥፊ ትላት ነበር።

ወደ ቤት እንደገባች ሳጥኑን ከፈተች። የጋብቻ ወረቀቱ ከሠርጓ ነጠላ ሥር፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እንዳኖረችው ነበር። ክንዱ ከተቀበለበት ቀን ወዲህ ነክቶት አያውቅም። ማዕዘኑ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም ሐምራዊ ቀለሙ ደብዝዟል። የአስተዳዳሪው ቄስ ጽሕፈት ግን ቁልጭ ብሏል፤ ዲያቆን ክንዱ ፈንቴ፣ ስመ ክርስትናው ገብረሰንበት፣ ከያይኔአበባ ቢተው፣ ስመ ክርስትናዋ ወለተ ማርያም፣ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተዋል።

ሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ዲያቆን ሲያገባ በተክሊል ነው፤ በተክሊል የሚያገባ ሁሉ በክርስትና ስሙ ይጻፋል። ይሄንን ያ ሁሉ ቅኔ የተማረው ሰው እንዴት ረሳው? መልሱን ራሷ ታውቀዋለች። ያን ቀን ስለራሱ ካባ እንጂ ስለወረቀቱ ግድ አልነበረውም።

ጠፍቷል ልትል ትችላለች። አይጥ በላው ልትል ትችላለች። ወረቀቱ ካልቀረበ ክንዱ በሌላ ምስክር ያገባ መሆኑን ያሳያል፣ ምስክር ሆኖ ይወጣል፣ እዚህ ቤት ገብቶ ኮቱን ይሰቅላል። ወረቀቱ ከቀረበ ይታሰራል። ሰው ደግሞ ምን ይላል? ባሏን ለመንግሥት ሰጠችው ይላል። ገበያ ላይ ይጠቋቆሙባታል፣ ዩኒፎርም የሚያሰፉት እንኳ ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ። ይሄን ሁሉ አሰበች፣ ፈራችም። ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችው፣ ሳጥኑን ግን አልዘጋችውም።

ሐሙስ ጠዋት ቡሬ ክር ልገዛ ብላ ሚኒባስ ተሳፈረች። ክሩ ሰበብ ነው። እሷን ከሚስትነት ያስፋቀው ቤት ምን ቢመስል ነው ብላ ልታየው ፈልጋ ነበር።

ከነቀምቴ መገንጠያው ባጃጅ ይዛ፣ እየጠየቀች ደረሰች። የፊት ለፊት ግድግዳው ሴራሚክ ተለጥፎበት፣ በሩ የአንበሳ ፊት ያለበት ብረት ነው። ከሩቅ ቪላ ይመስላል። በጎን ዞር ስትል ጭቃ ነው። ሁለት ክፍል፣ የኋላው ጣሪያ ግማሽ ድረስ ቆርቆሮ፣ የቀረው ላስቲክ። ውስጡ የበቆሎ እሸት ተዘርግቶ ይደርቃል፣ ዶሮዎች ይጭሩበታል። አራት ሚሊዮን ብር ማለት ይሄ ነው። እንደ ክንዱ ነው አለች በልቧ፤ ፊቱ ብቻ ተለጥፎበታል።

ከጓሮው ደሳሳ ጎጆ ንግሥቴ ወጡ። ለባላቸው ቅያሬ ልብስ ሊወስዱና ዶሮዎቹን ሊያዩ ትላንት ማታ መጥተው እንዳደሩ፣ ከሰዓት እንደሚመለሱ ነገሯት። ማን እንደሆነች አልጠየቁም። ትላንት አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት እንደሆነች ሲያውቁ ብቻ ፊታቸው በራ፣ የተቀቀለ በቆሎ አመጡላት።

«ብይ ልጄ። ጎረቤት እንኳ ወደዚህ ዝር አይልም፤ የሌባ ቤት ብለውናል። መጥቶ ያየን አንቺ ብቻ ነሽ። እግዜር የልብሽን ይስጥሽ።»

ማን እንደሆነች ልትነግራቸው አስባ ተወችው። በልታ ጨረሰች፣ አመስግና ወጣች። እስከ ፍኖተ ሰላም በመስኮት እያየች ሄደች። ከዚያ ወዲያ የምታመነታበት ነገር አልነበረም። አፍራ ነበር። እንደዚያ አፍራ አታውቅም።

አርብ ጠዋት ክንዱ ኮቱን ለብሶ በመስታወት ፊት ቆመ። ያይኔአበባ ወረቀቱን ከፕላስቲኩ አውጥታ ዘረጋችለት። «አንብበው።»

«የማውቀውን ምን አነበዋለሁ?»

«አንድ ጊዜ አንብበው ክንዱ። ሳትሄድ በፊት። ለኔ ብለህ።»

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሻል?» አለና ኮሌታውን አስተካከለ። «አንቺ ያዢው፣ እዚያ ስጫት። ሚስት ራሷ ይዛ ስትቀርብ ያምራል።»

መከረችው፣ ለመነችው፣ ዘረጋችለት። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ? ጠቅልላ ከመጥሪያው ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አግዳሚው ላይ ንግሥቴ ምሳቸውን አቅፈው ነበሩ። ያይኔአበባ አንገቷን ደፍታ አለፈቻቸው።

ምሕረት ወንበር ሰጠቻቸው። ክንዱ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠና «ይቺውልዎት ባለቤቴ» አለ። «በተክሊል ነው የተጋባነው። ያላገባ ያለው ማን እንደሆነ እንግዲህ ሕግ ይፈልገው።»

ያይኔአበባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ምሕረት አቀረበችው፣ ቀስ እያለች አነበበች። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመች። ከፋይሉ የብድር ውሉን አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠችው። ክንዱ አሁንም እግሩን እያወዛወዘ ነበር።

«አቶ ክንዱ፣ የክርስትና ስምዎ ማን ነው?»

እግሩ ቆመ።

«እሱ… የግል ነገር ነው።»

«እዚህ ተጽፏል» አለች ምሕረት። ወደ ያይኔአበባ ዞረች። «እናቴ፣ ገብረሰንበት የሚለው የማን ስም ነው?»

ክንዱ ወደ ሚስቱ ዞረ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰምና ወርቅ የሌለበት ነገር ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው። «ያይኔ፣ በማርያም።»

«የእሱ ነው» አለች ያይኔአበባ። «ማንም አያውቀውም ብሎ ነው የፈረመበት። ሲበላሽ የኔ አይደለም ለማለት። ራሱ ነገረኝ፣ መጥሪያው ጀርባ ላይ ጽፎም አሳይቶኛል። እነዚያ ሽማግሌ ምንም አያውቁም።»

መጥሪያውን አውጥታ ከወረቀቱ አጠገብ አኖረችው። ያ የሚያምር ጽሕፈት ከብድር ውሉ ጋር አንድ ነበር።

ያን ጊዜ ክንዱ ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እሷ ሚስቴ አይደለችም» አለ። «ወረቀቱ የሐሰት ነው። እኔ ያላገባሁ ነኝ፣ የቀበሌው ማስረጃ ነው እውነቱ። ይቺን ሴት አላውቃትም።»

ምሕረት ብዕሯን አነሣች። «እንግዲያው ያላገባ የሚለውን ማስረጃ ያወጡት እርስዎ ነዎት ማለት ነው?»

ክንዱ ተመልሶ ተቀመጠ። በዚህ ቢሄድ ገብረሰንበት ነው፣ በዚያ ቢሄድ ያላገባ ነው፤ ሁለቱም በር እስር ቤት ያስገባሉ። ያይኔአበባ ሲጨንቀው አይታ ልታዝንለት ሞከረች፣ በእውነት ሞከረች። ግን «አላውቃትም» ያላት ቃል ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ፈሪ መሆኑን ታውቅ ነበር፤ ይሄን ያህል ፈሪ መሆኑን ግን አታውቅም።

«ያልኩትን ሁሉ ይጻፉልኝ» አለች ለምሕረት። «አላውቃትም ያለውንም።»

ተጻፈ። አነበበችና ፈረመች፤ ያይኔአበባ ብላ፣ በሙሉ ስሟ፣ ፊደሉን ሳታነባብር።

ምሕረት ሽማግሌው ዛሬውኑ እንደሚፈቱ ነግራት ፖሊስ ጠራች። ክንዱን በኮቱ እጅጌ፣ እሷ ባሳጠረችው እጅጌ፣ ይዞ ሊያወጣው ሲል በሩ ላይ ዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ያይኔ፣ የዋስትና ጥያቄ ሲመጣ፣ በልጆቼ ይዤሻለሁ፣ ዋስ ሁኚኝ።»

«ላላገባ ሰው ሚስት ከየት ይመጣል ዋስ የምትሆን?» አለችው።

በረንዳው ላይ ንግሥቴ ክንዱን ይዞ የሚሄደውን ፖሊስ ግራ ገብቷቸው ያዩ ነበር። ያይኔአበባ አጠገባቸው ተቀመጠች። የምሳውን ቋጠሮ ከጭናቸው አነሣችና መልሳ አሰረችው።

«እማማ፣ ምሳውን ይዘው ይመለሱ» አለቻቸው። «አያ ገብረሰንበት ዛሬ ቤታቸው ነው የሚበሉት።»

«ማን ነገረሽ ልጄ?»

«የፈረመው ሰው ተገኘ።»

«ማን ነው?»

ያይኔአበባ ውሸት ሰልችቷት ነበር፤ የራሷም ዝምታ ጭምር።

«ባሌ ነው» አለች።